ድመቷን ማን አያት? ስማርት ዕቃዎችን ከቤቴ ለምን እንደቀነስኩ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው፤ በአንድ ኮሪደር ይገናኛሉ። ቴክኖሎጂ ይቅር ለማለት አይደለም የምጽፈው። ስማርት ስልክ አለኝ፤ ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው። ግን ቤቴ ከገቡት "ስማርት" ዕቃዎች አብዛኞቹን ወይ አውጥቻቸዋለሁ ወይ ከኢንተርኔት ለይቻቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ለእያንዳንዱ ከመለፍለፍ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከእኛ አለፍ ብሎ ያለ ሱቅ ሌሊት ተሰበረ። ባለቤቴ ደነገጠ። ባሕር ዳር ሄዶ ሁለት የዋይፋይ ካሜራ ገዝቶ መጣ። አንዱ ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ተሰቀለ፤ ሌላው ኮሪደሩ ላይ። በዚያው ሰሞን ስማርት ቲቪም ገባ። እኔም ከቁልፍ ስልክ ወደ ተች ስልክ ተሸጋገርኩ፤ የዱቤ ደብተሬንም ትቼ ሒሳቡን በአፕ መያዝ ጀመርኩ። አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። ለዕቃ ቡሬ ሄጄ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሱቄን ማየት ትልቅ ነገር ነበር።

ካሜራውን የሰቀለልን የከተማችን ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱንም አውቃታለሁ። አፑን ሊጭንልኝ ሲል "እትዬ፣ ኢሜይል አለሽ?" አለኝ። የለኝም አልኩት። "ችግር የለም፣ በእኔ ከፍቼ ሼር አደርግልሻለሁ" አለ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሱቄ ስልኬ ላይ ታየኝ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

የስልኩም ነገር እንደዚያው ነው። የስልክ ቤቱ ልጅ ጂሜይሉን ራሱ ከፍቶ፣ ቴሌግራሙን ጭኖ "በቃ፣ አልቋል" ብሎ ሰጠኝ። ፓስዎርዱን አልነገረኝም። እንዲህ ማድረግ በየከተማው የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እስኪ አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ስልካችሁ ላይ ያለውን ጂሜይል የከፈተው ማን ነው? ፓስዎርዱንስ ታውቁታላችሁ?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራት። በዚያ ጊዜ የነበረውን ሌላውን ጣጣ እዚህ አላነሳም፤ የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ስለ ዕቃዎቹ ብቻ ላውራ። የዱቤ አፑ ያለ ኢንተርኔት አልከፍትም አለ። ማን ስንት ብር እንዳለበት ሁሉም እዚያ ውስጥ ቀረ። ደግ ሰዎች ራሳቸው አስታውሰው ከፈሉኝ። አንዳንዱ አላስታወሰም፤ እኔም ማስረጃ አልነበረኝም። ተች ስልኩ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ይሞታል።

ከመሳቢያ ጥግ የድሮዋን ባለ ባትሪ ኖኪያዬን አወጣኋት። አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት ትቆያለች። ኔትወርክ ባለ ሰዓት *127# ብዬ በቴሌብር ብር እልካለሁ፣ እቀበላለሁ፤ ለዚህ ዳታ አያስፈልግም። ለዱቤውም ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ገዛሁ። ያኔ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ወድጄ አልነበረም። ዳታው ሲመለስ እኔም ወደ ተች ስልኬ ተመለስኩ፤ ካሜራውም መሥራት ጀመረ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ያ ካሜራ የሰቀለው ልጅ ሳሙና ሊገዛ መጣ። መልስ እየቆጠርኩለት ሳለ ፈገግ ብሎ፣ "እትዬ፣ ያቺ ድመትሽ አሁንም ስኳሩ ጆንያ ላይ ነው የምታድረው?" አለኝ።

ድመታችን ቀን ቀን ሱቅ ድርሽ አትልም። ማታ ከዘጋን በኋላ በኮሪደሩ በር ሥር ሾልካ ትገባለች፤ ጠዋት ከመክፈቴ በፊት ትወጣለች። ስኳሩ ላይ እንደምትተኛ እኔ ራሴ ያወቅሁት ጆንያው ላይ ጸጉሯን እያገኘሁ ነው።

"አንተ በምን አወቅህ?" አልኩት።

"ሌሊት ሌሊት ስልኬ ይጮህብኛል እኮ። የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ካሜራው መልእክት ይልካል። ሌባ መስሎኝ ስከፍተው እሷ ናት" አለ። የተደበቀ ነገር እየነገረኝ እንደሆነ እንኳ አልመሰለውም።

"እስኪ አሳየኝ።"

መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ከኪሱ አወጣ። አፑ ሲከፈት ትንንሽ ምስሎች ተደርድረው መጡ። ከእያንዳንዱ ሥር ስም አለ። የእኔ ሱቅ። የእኔ ኮሪደር። አንድ ጸጉር ቤት። አንድ የእህል መጋዘን። በጣቱ ወደ ላይ ሲገፋው አንድ ሳሎን መጣ። ሶፋውን አወቅሁት። የዕድር ጓደኛዬ ቤት ነው። እሷ ነጠላዋን አውልቃ ሕፃኗን ታጠባለች። ቀረጻ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ፣ በቀጥታ ነው።

"ዝጋው" አልኩት።

ልጁ ሌባ እንዳልሆነ ያኔም አውቅ ነበር፣ አሁንም አውቃለሁ። ግን አስቡት። ማታ ማታ ብር የምንቆጥረው ከዚያ ካሜራ ሥር ነው። ጸጉራችንን የምንታጠበው፣ የምንሠራራው ኮሪደሩ ላይ ነው። ባለቤቴ ለዕቃ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ልጆቼ ብቻቸውን ሲያድሩ፣ ሁሉም በአንድ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ ይታያል። ያ ስልክ ቢሰረቅስ? ለጥገና ሌላ ሰው እጅ ቢገባስ? ማን መቼ የት እንዳለ ማወቅ በዚህ ዘመን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለአካባቢዬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የዚያን ቀን ከሰዓት የዕድር ጓደኛዬ ቤት በእግሬ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። እሷ ምንም ሳትል ተነሥታ ካሜራው ላይ ፎጣ ጣለችበት። ማታ ባለቤቷ ሲሰማ ካልከሰስኩ ብሎ ተነሣ። መብቱም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በመጨረሻ ግን ልጁ ከእናቱ ጋር መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሽምግልና አለቀ። እኛም አንድ ነገር አስገባነው፦ ካሜራ የሰቀለባቸው ቤቶች ሁሉ ዘንድ ሄዶ በየባለቤቶቹ ስም እንዲያዞር። ዞረ። አንዳንዱ ሰው አመሰገነው፤ አንዳንዱ ሰደበው።

ካሜራ ያላችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቀይሩ። ካሜራው ወዲያው ከኢንተርኔት ይወጣል፤ ለእናንተም አይታይም፣ ለሌላውም። ተረጋግታችሁ የምታስቡበት ጊዜ ታገኛላችሁ። ከዚያ አፑን ከፍታችሁ ካሜራው የእናንተ መሆኑን ወይም "ሼርድ" የተባለ መሆኑን እዩ። ሼርድ ከሆነ ዋናው ባለቤት ሌላ ሰው ነው። ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ መያዝ በብዙዎቹ ላይ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ የከፈተው ሰው ከራሱ አፕ ላይ ካላጠፋው ካሜራው በእናንተ አካውንት አልመዘገብም ይላል። ስለዚህ ሰውየውን ፊት ለፊታችሁ አስቀምጣችሁ አስጠፉት። ከዚያ በራሳችሁ አካውንት፣ ራሳችሁ በጻፋችሁት ፓስዎርድ ክፈቱት። ከፋብሪካ የመጣውን ፓስዎርድ በፍጹም አትተዉት። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሚራይ የተባለ ቫይረስ የዓለምን ካሜራና ራውተር (ዋይፋይ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) በብዛት የያዘው ሰው ሳይቀይራቸው በተዋቸው የፋብሪካ ፓስዎርዶች ነው። በእነዚያ በተጠለፉ ዕቃዎች ተደርጎ በተሰነዘረው ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። የሱቅ ካሜራ ይህን ያህል ይሠራል ብሎ ማን ያስባል?

"የገጠር ቴክኒሻን ስለሆነ ነው" የሚለኝ ሰው አለ። አይደለም። ሪንግ የተባለው የአሜሪካ የቤት ካሜራ ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ማየት ይችሉ ነበር ተብሎ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመንግሥት ተከስሶ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህን ደብረ ማርቆስ የምትማረው ልጄ ናት አንብባ የነገረችኝ። ምስሉ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ፣ እዚያ ያለ ሰው ሊያየው ይችላል፤ የተማረም ሆነ ያልተማረ።

የኮሪደሩን ካሜራ አውርደን ጣልነው። ቤት ውስጥ ካሜራ አያስፈልግም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ለሱቁ በሩን ብቻ የሚያይ፣ ባለ ሽቦ፣ መቅረጫ ሳጥን ላይ የሚቀርጽ ካሜራ አሠራንበት። ሳጥኑ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ማየት ስፈልግ ከፍቼ አያለሁ። ከቡሬ ሆኜ ማየት ቀርቶብኛል። በምትኩ ከጎረቤት ሱቆች ጋር አዋጥተን አንድ ዘበኛ ቀጠርን። በእኔ ግምት እሱ ከካሜራው ይሻላል፤ ካሜራ ሌባ አያባርርም።

ስልኩ ደግሞ የባሰ አስቸገረኝ። ሁሉን ነገር ላጽዳ ብዬ ፎርማት አደረግሁት። ተነሥቶ ሲከፈት የድሮውን ጂሜይልና ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ይህ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ሌባን ለመከላከል የተሠራ ነገር ነው፤ ያለ ድሮው አካውንት አይከፍትም። እኔ ደግሞ የራሴን ስልክ ለመክፈት የስልክ ቤቱን ልጅ መለመን ነበረብኝ። ሄድኩ። ልጁ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ዳር ዳሩ የተበላ ደብተር አወጣ። የደንበኞቹ ጂሜይል በሙሉ እዚያ ተጽፏል። ፓስዎርዱ ግን አልተጻፈም። ለምን ስለው "ለሁሉም አንድ ስለሆነ አልረሳውም" አለኝ።

የከተማው ግማሽ በአንድ ፓስዎርድ! ያ አካውንት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በስልካችሁ የመዘገባችሁት ስም ሁሉ፣ ባክአፕ ከበራ ፎቶዎቻችሁ፣ ሲከፋም ስልኩ አሁን ያለበት ቦታ በካርታ በእሱ በኩል ሊታይ ይችላል። የጠፋ ስልክ መፈለጊያ የሚባለው አገልግሎት የሚሠራው በዚያው ነው።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ልጁ ፊት ስልኩን በድሮው ጂሜይል ከፈትኩት። ከዚያ አዲስ ጂሜይል ራሴ ከፈትኩ፤ ፓስዎርዱን በደብተር ጽፌ ከቤት ካርታው ጋር አስቀመጥኩት። አዎ፣ በወረቀት። የእኔን ሣጥን የሚከፍት ሌባ ፓስዎርድ አይደለም የሚፈልገው። ስሞቹን ወደ አዲሱ አዛውሬ የድሮውን ከስልኩ አወጣሁት። የድሮውን ጂሜይል ይዛችሁ መቀጠል የምትፈልጉ ከሆነ ፓስዎርድ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም። "ሪከቨሪ" የሚለው፣ ማለትም የጠፋ አካውንት ማስመለሻው ቦታ ላይ የማን ስልክ ቁጥር እንዳለ እዩ። የስልክ ቤቱ ልጅ ቁጥር ከሆነ በማንኛውም ሰዓት አካውንቱን መልሶ መውሰድ ይችላል። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፣ ከዚያ ፓስዎርዱን፣ ከዚያ "ዩር ዲቫይስስ" ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን ስልክ ሁሉ አስወጡ። ቴሌግራም ላይም "ዲቫይስስ" የሚል አለ፤ እሱንም እዩት። "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚለውንም አብሩት፤ ከኮዱ ሌላ ራሳችሁ ያወጣችሁትን ፓስዎርድ ይጠይቃል። "ድምፅ ስጡኝ" እያለ ሊንክ የሚልክና ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ የሚፈልገው አካውንታችሁን ነው።

ቲቪው ቀላል ነበር። ከዋይፋዩ አወጣሁት፣ በቃ። ዲሽ ካለ የአገራችንን ጣቢያ ለማየት ኢንተርኔት አይፈልግም። ልጄ እንደነገረችኝ ቪዚዮ የተባለው ኩባንያ ሰው ምን እንደሚያይ ከ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ላይ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ይሰበስብ ነበር ተብሎ በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እኔ የማየው ዜናና ድራማ ስለሆነ ብዙም አልተጨነቅሁም። ግን ለምን ብዬ ነው የምተወው?

አሁን ሁለት ስልክ አለኝ። የብሩ ሲም ኖኪያዋ ውስጥ ነው። ቴሌብሩም ባንኩም የሚያውቁት ያንን ቁጥር ነው። እሷ ላይ ሊንክ አይከፈትም፣ አፕ አይጫንም፣ ልጆች ጌም ብለው አይነካኳትም። ተች ስልኩ ሌላ ሲም አለው፤ መሳቢያ ውስጥ ይውላል። ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቼ የመርካቶ ነጋዴዎች የላኩትን የዕቃ ፎቶ አያለሁ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ግሩፕ አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

ያልጠበቅሁት ነገር ሐሜቱ ነው። ኖኪያ ይዤ ስታይ "ሴትዮዋ ከሰረች እንዴ?" ተባለ። አንድ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው ጭራሽ ዱቤ ከልክሎ "በቅድሚያ ክፈይ" አለኝ! ተች ስልኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ካሳየሁት በኋላ ነው የተመለሰው። እናንተም ቁልፍ ስልክ ልትይዙ ካሰባችሁ ለምትገበያዩት ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።

አንድ ነገር ግን አላጋንን። ቁልፍ ስልክ ምስጢር አይጠብቅም። የትኛው ማማ ሥር እንዳላችሁ ኔትወርኩ ያውቃል፤ አጭር መልእክትም ተቆልፎ አይሄድም። ለምስጢር ከሆነ ዋትሳፕ ከአጭር መልእክት ይሻላል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ጽሑፉን ማንም እንዳያነበው ተደርጎ ነው የተሠራው። የቴሌግራም ተራ ቻት ግን እንደዚያ አይደለም፤ "ሲክሬት ቻት" የሚለው ብቻ ነው። የኖኪያዋ ጥቅም ሌላ ነው፦ የሚሰበሰብ ነገር ትንሽ ነው፣ የሚሰረቅበትም መንገድ ጥቂት ነው። ደብተርም ቢሆን አይጥ ይበላዋል፣ ዘይት ይፈስበታል። በወር አንዴ የዱቤውን ገጽ ፎቶ አነሣለሁ።

የተች ስልኩ ላይ "ፐርሚሽን ማናጀር" የሚል ቦታ አለ። ሎኬሽን፣ ማይክሮፎን፣ ኮንታክት የሚሉትን አንድ በአንድ ክፈቱና የትኛው አፕ እንደሚጠቀምባቸው እዩ። የእኔ የባትሪ መብራት አፕ ስም ዝርዝሬን ማየት ተፈቅዶለት ነበር። መብራት ለማብራት የአማቼ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? አጠፋሁት።

ሲም ልትቀይሩ ወይም ስልክ ልትሸጡ ያሰባችሁም አላችሁ። የቆየ ቁጥር ሥራ ላይ ካልዋለ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ለእናንተ በአጭር መልእክት የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ለዚያ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመተዋችሁ በፊት ከባንክ፣ ከቴሌግራምና ከጂሜይል ላይ አንሡት። ስልኩን ስትሸጡ ደግሞ መጀመሪያ ጂሜይሉን ከሴቲንግ አውጡ፣ ቀጥሎ ፎርማት አድርጉ። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት የገዛው ሰው ፓስዎርድ ስጡኝ እያለ ሲደውልላችሁ ይከርማል። ሜሞሪ ካርዱንም አውጡ።